የትሮንድሄም ዳገትና ብስክሌተኛው
የኖርዌይዋን ትሮንድሄም የሚጎበኝ እንግዳ ቀድሞ የሚደነቀው፣ ብሩባከን የተባለውን ዳገት ብስክሌተኞች ያለ ላብ ሲወጡት በማየት ነው፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የተተከለው «ትራምፔ»፣ ማለትም ብስክሌተኛን ሽቅብ የሚገፋ ማሽን፣ 130 ሜትር ያህል የሚረዝም ሲሆን፣ ባለብስክሌቱ ግራ እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሳ ቀኙን በማሽኑ መርገጫ ላይ ሲያሳርፍ ከመሬት በታች የሚሳበው ገመድ ወደ ላይ ያደርሰዋል። ባለመኪናው በአንጻሩ በክረምት ባለሚስማር ጎማ፣ ይኸውም በረዶ ቆንጥጦ የሚይዘውን ጎማ ሲጠቀም፣ ሚስማሩ አስፋልቱን እየፋቀ አቧራ ስለሚያስነሳ ለከተማዋ ይከፍላል። ይሁንና ሕጉ ለብስክሌተኛውም አያዳላም፤ የእግረኛ ማቋረጫን ብስክሌቱን እየጋለበ የሚያቋርጥ ቅድሚያ የለውም፣ ወርዶ ሲገፋ ግን እግረኛ ተብሎ ስለሚቆጠር መኪና ይቆምለታል፤ ስለዚህ በዚያ አገር ክብር የሚገኘው ከኮርቻ በመውረድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።