ሞክሼ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ከሰዓት በኋላ ባልደረባዬ ላፕቶፗን ይዛ ጠረጴዛዬ ጋ መጣች። «ና እስቲ እየው፤ ኤስ የሚል ታይፕ ፓራሜትር የጻፍኩት አንዴ ነው፤ ኮምፓይለሩ ግን ስሙ ተይዟል ይለኛል» አለችኝ። የራስት ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ኢ0403 ስህተት ነው። የሚጠቁመው ደግሞ ከስትራክቷ በላይ ያለችውን፣ የእኔን ማክሮ የምትጠራዋን መስመር ነው። እዚያ ኤስ የሚባል ነገር የለም። ከጠዋት ጀምራ ስትፈልግ ውላለች።

ሁለተኛውን ኤስ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማክሮው የሰው ስትራክት ያነባል፤ የታይፕ ፓራሜትሮቹን ስም እንዳለ ይገለብጣል፤ ከዚያ ዳታውን የሚጽፍ ሜተድ ያመነጫል። ሜተዱ ለሚጽፍበት መድረሻ የራሱ ጄኔሪክ ያስፈልገው ነበርና ኤስ አልኩት። ለወራት ያለችግር ሠራ፤ ሁሉም ቲ እያለ ይጽፍ ስለነበር ብቻ። የእሷ ስትራክት የሴንሰር ንባብ ይይዛል፤ ኤስ ማለቷ ተገቢ ነው። ሰዎች ቢሆኑ ሞክሼ ተባብለው በተሳሳቁ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ነገሩ ሌሊቱን ሲመላለስብኝ አደረ። ራስት፣ ውጪ የተያዘን የታይፕ ፓራሜትር ስም ውስጥ ያለ ሜተድ ደግሞ እንዲወስደው አይፈቅድም። ጃቫ ይፈቅዳል፤ የውስጡ ቲ የውጪውን ቲ ይሸፍነዋል፣ አንባቢውም የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋበታል። እኔ ክልከላውን እመርጣለሁ። የእሷን ግማሽ ቀን የበላው ክልከላው ሳይሆን ሁለተኛው ስም ከዓይኗ መሰወሩ ነው።

በሽታው የቆየ ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ኮልቤከር፣ ፍሪድማን፣ ፈላይሰንና ዱባ ማክሮ የሚያስገባው ስም ከተጠቃሚው ስም ጋር እንዳይጋጭ የሚያደርግ ዘዴ አሳትመው «ንጽሕና» ብለውታል። ራስት ያን ንጽሕና ለሎካል ቫሪያብሎችና ለሉፕ መለያዎች ሰጥቷል። ለታይፕ ፓራሜትር ግን አልሰጠም፤ እዚያ ጥንቃቄው የማክሮ ጸሐፊው ዕዳ ነው።

ሰርዴ የተባለው የራስት ላይብረሪ ማክሮ ያመነጨውን ኮድ ዘርግቼ አየሁ። እሱም ኤስ ይላል፣ ግን ከፊቱ ሁለት የስር ሰረዝ ያስቀድማል። መምህር ሁለት ሞክሼ ተማሪዎችን በአያት ስም እንደሚለየው ማለት ነው። ለላይፍታይም ደግሞ ዲኢ የሚል ስም ለራሱ ይዟል፤ ተጠቃሚው ይህንኑ ስም ይዞ ከመጣ፣ በዚህ ስም የተጠራ ላይፍታይም ስላለ መሥራት አልችልም ብሎ በግልጽ ይነግረዋል። ይህችን ግልጽነት ወደድኳት። የእኔ ማክሮ ያን ቢናገር ኖሮ ባልደረባዬ በደቂቃ ትጨርስ ነበር።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የስር ሰረዙን ትቼ ስሙን ጨርሶ አጠፋሁት። ሜተዱ አሁን የሚቀበለው «መጻፍ የሚችል ማንኛውም ነገር» ነው፤ ፊደል አልተሰጠውም። ጠሪው ዓይነቱን በእጁ መጥቀስ አይችልም፤ እኛ ዘንድ ግን ያን የሚያደርግ የለም።

ከዚያ ሃያ ስድስቱንም የላቲን ፊደላት በየተራ ታይፕ ፓራሜትር አድርጌ ፈተናዎች ጻፍኩ። ራስት ከ1.53 ወዲህ፣ ማለትም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የእኛንም ፊደል በስምነት ስለሚቀበል ሀ እና ሐን አንድ ስትራክት ላይ ጨመርኩ። በአፋችን ሞክሼ የሆኑት ፊደላት ለኮምፓይለሩ ሁለት ስሞች ናቸው፤ አለፉ።

ባልደረባዬ ማክሰኞ ዕለት ሥራ እንዳይቆምባት ኤስን ወደ ኤክስ ቀይራው ነበር። ደውዬ «ስምሽን መልሺው» አልኳት። ሰኞ ጠዋት ትመልሰዋለች።