የማን ቃል ነው?

አዲስ ነገር ወደ አንድ አገር ሲገባ አስቀድሞ የሚታየው በገበያ፥ ቀጥሎም በቤት ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው ነገር በየቀኑ የሚነገረውን ወሬ ብዙ ሰው የሩቅ አገር ጉዳይ አድርጎ ይሰማዋል። እኛ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በጉንደ ወይን የምንኖር ሰዎች ግን ነገሩ ከደጃችን መድረሱን ስላየን፥ ለቤተ ሰብ በሚጠቅመው ወገን ጥቂት ልንጽፍ ወደድን።

ገበያችን የጤፍ ገበያ ነው። ቀድሞ የእህል ዋጋ ወሬ የሚመጣው በሰው አፍ ነበር። ከሞጣ ወይም ከቢቸና የመጣ ነጋዴ፥ አለዚያም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ የመኪና ረዳት፥ በእህል በረንዳ ማኛው ስንት፥ ሠርገኛው ስንት እንደ ዋለ ይናገራል። ይህ ሰው ዋሽቶ እንደ ሆነ በሚቀጥለው ገበያ በዚያው ቦታ ስለሚገኝ ይጠየቅበታል። ዱቤም ቢሆን በዋስ ይሰጣል፤ ብድርም በእማኝ ፊት ይጻፋል። የገበሬውና የነጋዴው ክርክር ሲጠና «ይህን ማን አለ?» ይባላል፤ የተናጋሪው ስም ሲጠራም ሰዉ የቃሉን ክብደት በዚያው ይመዝነዋል። እንዲህ ስንል የዱሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ወሬውን ለጥቅሙ አጣሞ ገበሬውን በርካሽ ያሸጠ ደላላም ሞልቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የስልኩ ዘመን መጣ። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፥ ዛሬ ኢንስቲትዩት የሚባለው፥ 8028 የተባለውን የስልክ መሥመር ለገበሬዎች ከፈተ። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውልና ቁጥር እየነካ ስለ እርሻው ሥራ በአማርኛ የተቀዳ የባለሙያ ምክር ይሰማል። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን አስጀመረ፤ ይህም ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ለሚደውል ሰው ኢንተርኔት ባይኖርም ስለሚሠራ፥ ተራ ስልክ የያዘ ገበሬም የጤፉን ዋጋ በእጁ ሳይቆጥር ሊቀበል ቻለ። ብር በወገቡ ታጥቆ በሌሊት መንገድ መሄድ የሚያስከትለውን ሥጋት የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላል አያየውም።

ነገር ግን አጭበርባሪም አብሮ ተማረ። ገዢው ከስልኩ ላይ «ገንዘቡ ተልኳል» የሚል መልእክት ያሳያል፤ ሻጩም ጽሑፉን አይቶ እህሉን ያስጭናል፤ በኋላ ሲታይ መልእክቱ በገዢው እጅ የተቀናበረ ሆኖ ይገኛል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሻጩ የሰውን ስልክ ከማየት ይልቅ በራሱ ስልክ የራሱን ሒሳብ መመልከት ነው። ይህን ለአባቶቻቸው የሚያስረዱት ብዙ ጊዜ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

አሁን ደግሞ የመጣው ከዚህ ሁሉ ይለያል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲ የተባለው መኪና በአሜሪካ ኩባንያ ለሕዝብ ከተከፈተ ወዲህ፥ ለጠየቁት ሁሉ በሰው ቋንቋ የሚመልሱ መሣሪያዎች በዝተዋል። በአገራችንም የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከል በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ ኋላ ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ብሔራዊ ፖሊሲውም በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። አሠራሩን በአጭሩ ለመናገር፥ መኪናው ቁጥር የሌለው ጽሑፍ እንዲያነብ ተደርጎ፥ ከአንድ ቃል በኋላ የትኛው ቃል ሊከተል እንደሚችል እየገመተ ዐረፍተ ነገር ይሠራል። ይህንንም «አስተውሎት» ብለው ሲሰይሙት እኛ ትንሽ ተከዝን፤ ንጉሥ ሰሎሞን ከሀብት አስበልጦ የለመነው ነገር ስሙ ለመኪና ተሰጠ ብለን። ሆኖም ስሙ ከተለመደ ዘንድ ክርክር አናነሣበትም።

ጥቅሙን መካድ አይገባም። ጎግል አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ጋር በ2008 ዓ.ም. ከጨመረ ወዲህ፥ የጸረ ተባይ መድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አስተርጉሞ ለገበሬ የሚነግር ባለሱቅ ተገኝቷል። ተማሪዎችም የማይገባቸውን ትምህርት ሌሊት የሚጠይቁት ያላፈረባቸው መምህር አግኝተዋል።

ይሁን እንጂ በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለ ነበር፥ እኛ ነገሩን በመጀመሪያ የሰማነው እንደ ዱሮው ዋጋ በሰው አፍ ነው። በአዲስ አበባ የሚማር አንድ የዘመድ ልጅ በስልክ ሲያጫውተን፥ «እስቲ የጉንደ ወይንን የጤፍ ዋጋ ጠይቅልን» አልነው። መኪናውም ሳይዘገይ፥ ሳያመነታም፥ ኩንታሉ ይህን ያህል ነው ብሎ መለሰ። በዚያው ቀን በገበያችን የዋለው ግን ሌላ ነበር። እኛን ያስደነቀን ስሕተቱ አይደለም፤ የገበያችንን ዋጋ በየቀኑ ጽፎ በኢንተርኔት የሚያኖር ሰው ከሌለ ከወዴት ያገኘዋል? ያስደነቀንስ «አላውቅም» አለማለቱ ነው። የመኪና ረዳቱ እንኳ ያልሰማውን ሲጠየቅ «እሱን አልሰማሁም» ይል ነበር።

ይህ ጠባይ በጽሕፈት ሥራም ይታያል። በየወረዳው ፍርድ ቤት አጠገብ ጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን ራፖር ጸሐፊዎች የማያውቅ የለም። ከእነዚህ አንዱ እንደ ነገረን፥ ባለጉዳዮች ከተማ ባሉ ልጆቻቸው በመኪናው ያስጻፉትን ማመልከቻ ይዘው ይመጣሉ፤ አማርኛው የለሰለሰ፥ አቤቱታውም የተሟላ ይመስላል፤ የተጠቀሰው የሕግ ቁጥር ሲፈለግ ግን ሌላ ነገር የሚናገር፥ ወይም ፈጽሞ የሌለ ይሆናል። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በሰኔ 2015 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች፥ ቻትጂፒቲ ፈጥሮ የሰጣቸውን ያልነበሩ ፍርዶች እንደ እውነተኛ ጠቅሰው ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው የ5,000 ዶላር መቀጫ ተፈርዶባቸዋል። ዳኛው የቀጣው መኪናውን አይደለም፤ ጽሑፉን ያቀረቡትን ሰዎች ነው። የእኛው ራፖር ጸሐፊ ይህን ስንነግረው ሳቀና፥ «እኔስ ብሳሳት ባለጉዳዩ ነገ ከጥላዬ ሥር መጥቶ ይይዘኛል» አለ። እንጀራው እየቀነሰበት እንደ ሆነ ግን አልሸሸገንም፤ ልጆች የሚያሳድገው በዚያ ብዕር ነው።

አገራችን ጎጃም የቅኔ አገር ስለ ሆነ ይህን ደግሞ ሳንጨምር አናልፍም። አንድ የቅኔ ተማሪ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ሰንብቶ ሲመለስ፥ መኪናው የሰጠውን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ አሰማ። ቃላቱ ግእዝ ነበሩ፤ ቤቱ ግን አልመታም፤ ግሡም ከባለቤቱ ጋር አልተስማማም፤ ሰም ፈልገው ወርቅ ቢፈልጉ አንዱም የለም። የኔታም ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ይህን የዘረፈው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁት። «መኪናው ነው፥ የኔታ» አላቸው። «እንግዲያውስ ጥራልኝና ላርመው» አሉት። ጉባኤው ሁሉ ሳቀ፤ ነገሩ ግን ቁም ነገር አለው። በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በደብረ ኤልያስ ቅኔ በቃል ተዘርፎ፥ በቃል ታርሞ፥ አብዛኛው ሳይጻፍ ያልፋል። መኪናው የሚያነበው የተጻፈውን ነው፤ ስለዚህ በየጉባኤው ሲነገር የኖረው አብዛኛው ቅኔ አልደረሰውም።

በቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋን የድምፅ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች፥ የአንድን ሰው ንግግር ሦስት ሴኮንድ ያህል ሰምቶ በእንግሊዝኛ ድምፁን የሚመስል መሣሪያ መሥራታቸውን አስታወቁ። ልጆቻቸው በአዲስ አበባ፥ በቤይሩት፥ በሪያድ ያሉባቸው ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያውቁት በድምፅ ብቻ ስለ ሆነ፥ ይህ ወሬ ለእነርሱ ተራ ወሬ አይደለም።

አንዲት የሰበካችን እናት እንዲህ ሆነባቸው። አንድ የማያውቁት ሰው ደውሎ፥ «እናቴ፥ ልጅዎ የመኪና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ተኝቷል፤ ለሕክምናው ገንዘብ ቶሎ ይላኩ» አላቸው። ቀጥሎም በተዳከመ ድምፅ «እማዬ» የሚል ተሰማ። እናቲቱ አለቀሱ፤ ለበዓል ያስቀመጡትን ብርም ሊልኩ ተነሡ። ነገር ግን ስለ ልጃቸው ለመጸለይ ስሙን ሊጠሩ ሲሉ አንድ ነገር ታሰባቸውና፥ «የክርስትና ስምህ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መሥመሩ ተዘጋ። ጎረቤት ሄደው ወደ ልጃቸው ቢያስደውሉ በሥራው ላይ ሆኖ በደኅና አገኙት። ያን ጊዜ የተሰማው ድምፅ የሰው ተንኮል ነው ወይስ የመኪና ሥራ ብለን መፍረድ አንችልም፤ ለእናቲቱም ልዩነት የለውም።

ወሬው በሰበካው ከተሰማ በኋላ ብዙ ቤተ ሰብ ይህንኑ ጥያቄ ያዘ። የንስሐ አባታቸው ግን አንድ ነገር አሳሰቡ፤ የክርስትና ስም በጥምቀቱ ዕለትም፥ በጸሎተ ፍትሐትም በጉባኤ ፊት የሚጠራ ስለ ሆነ፥ የክርስትና አባቱም፥ ጎረቤቱም፥ ማኅበርተኛውም ሊያውቀው ይችላል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ጥያቄ ቢያበጅ ይሻላል አሉ። እኛም በበዓል ልጆች ከያሉበት በተሰበሰቡ ጊዜ፥ ቡናው ሳይነሣ፥ ለቤታችን አንድ ጥያቄ መርጠናል። እኒያ እናትም የራሳቸውን መርጠዋል፤ ምን እንደ ሆነ ግን እኛ ብንጠይቃቸው ሊነግሩን አልፈቀዱም።