ትንፋሹ የረዘመ ሁሉ ታላቅ ቃሪእ ነው?



ሰዎች ስለ ዘፋኝ ሲከራከሩ «ታላቅ ያደረገው ጉሮሮው ነው» ይላሉ። ቁርኣን ዘፈን አይደለም፤ ክርክሩ ግን እኛም ዘንድ ገብቷል። አንድን ቃሪእ ስናወድስ ብዙ ጊዜ የምንቆጥረው ትንፋሹን ነው።

ይህን ያስለመደን በአብዛኛው የሸይኽ ዐብዱልባሲጥ ዐብዱሰመድ (ረሒመሁላህ) ካሴት ይመስለናል። ትንፋሻቸው በእርግጥ ያስደንቃል፤ እሳቸው ሲቀሩ አድማጩም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል። የሚኮርጃቸው ልጅ ግን ርዝመቱን ወስዶ ማቆሚያውን ይተወዋል። ደረሳ ሳለን ሸይኾቻችን ወቅፍን አጥብቀው ያስያዙን ያለ ምክንያት አይደለም። ሱረቱ ኒሳእ ውስጥ የሰከረ ሰው ወደ ሶላት እንዳይቀርብ የሚከለክል አንቀጽ አለ። ትንፋሹ አልቆበት መሐል ላይ የቆመ ቃሪእ ሶላት ራሱ የተከለከለ ያስመስለዋል። ይህን የሚያምር ድምፅ አይጠግነውም።

ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪን አስቡ። እ.ኤ.አ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሙሉው ቁርኣን በሙረተል አቀራር ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳው በእሳቸው ድምፅ ነው። ቅጂያቸው ውስጥ አድማጭን «አላህ! አላህ!» የሚያሰኝ ነገር ብዙም የለም። ፊደሉ ከመውጫው ይወጣል፣ መዱ ልኩን ይይዛል፣ መቆም ባለባቸው ቦታ ይቆማሉ። ዛሬም ተጅዊድ የሚማር ልጅ እሳቸውን ነው የሚያዳምጠው።

ሸይኽ ሙሐመድ ሲዲቅ አል-ሚንሻዊ ደግሞ 50 ዓመት ሳይሞላቸው በ1969 አረፉ። ድምፃቸው ውስጥ ሐዘን አለ። ስለ አኺራ የሚናገር አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ለሰው የሚቀሩ አይመስሉም። ችሎታ አንሷቸው ነው? በፍጹም! መቃሙን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ብቻ ስትሰሙ መቃሙ ትዝ አይላችሁም። እውነቱን ለመናገር እኛ የምናደላው ወደ እሳቸው ነው።

«ታዲያ ተጅዊድ ይቅር?» የሚለን አይጠፋም። ልቡ ቢለሰልስም ፊደል የሚያምታታ ሰው ገና ይማር፤ ሚሕራብ ላይ አይቸኩል።

ረመዷን ሲቃረብ ተራዊህ የሚያሰግዱ ወጣት ሓፊዞችን መስማታችን አይቀርም። ስንሰማ ሙስሐፍ ከፍተን፣ እርሳስ ይዘን የት የት እንደቆሙ ብናይ መልካም ነው። ሲጨርሱም ስለ ቀሩት አንቀጽ መልእክት እንጠይቃቸው። ትንፋሽ የሚቆጥር እንደሆነ አይጠፋም።