የጓሳ ሣርና የጋራ ሜዳ

ሣር የረከሰ ነገር መስሎ ስለሚታይ፥ ስለ እርሱ መጻፍ ለብዙ ሰው ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። እኛ ግን በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር ሰዎች፥ ከሰፈራችን በታች ስላለችው ትንሽ የወንዝ ዳር ሜዳ በዕድራችን ስንከራከር ከሰነበትን ወዲህ፥ ስለ አንድ ሣር ማሰብ ግድ ሆኖብናል። ይኸውም የመንዝ ጓሳ ነው።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ በመሐል ሜዳ አቅራቢያ፥ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ባለው ውርጫም ደጋ ይበቅላል። አገሩም በሣሩ ስም ይጠራል። ቅጠሉ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ ቢታጨድም ሥሩ ሳይሞት መልሶ ያቆጠቁጣል። ሕዝቡ ቤቱን ይከድንበታል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ለዝናም መከላከያም ገሳ ይሠራበታል። በመካከሉ አይጦች ይራባሉ፤ ቀይ ቀበሮም እነርሱን እያደነ ይኖራል።

ይህ ሁሉ የቆየው በቄሮ ሥርዓት ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የተባሉ አባቶች መሬቱን ተካፈሉ፤ ዘሮቻቸውም አለቃ እየመረጡ ጓሳውን በጋራ ጠበቁ። ሣሩ እስኪደርስ ድረስ ለ3 ዓመት፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ለሚበልጥ ዘመን ይዘጋ ነበር፤ ሲደርስ ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ክረምት ሲገባ እንደገና ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የርስት መብት ስለ ቀረ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ግን ኅብረተሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አቋቁሞ፥ ክልሉ በሕግ አጽንቶለታል።

በዕድራችን ከፊሉ «የጋራ ነገር የማንም አይደለምና ሜዳይቱን እንከፋፈላት» ይላል፤ ከፊሉም «ታጥራ ማንም አይንካት» ይላል። ጓሳ ለሁለቱም መልስ ይሰጣል። የጋራ ነገር ጠባቂ ካለው ባለቤት አለው፤ የሚዘጋውም በጊዜው እንዲከፈት ነው። ታጭዶ የሚጠቅም መሆኑን የሚያውቅ ሰው እስኪደርስ መታገሥን አያጣም።

ነገር ግን የጥንቱ ቄሮ ለትውልዱ ሰው እንጂ ለመጤው መብት አልሰጠም። ኮልፌ ደግሞ ከየአገሩ የመጣ ሰው የተሰበሰበበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ለመጪው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ሜዳይቱ ክረምቱን ከበግና ከአህያ ተዘግታ ትቆይ፤ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ትከፈት፤ ሣሯም ለበዓሉ ጉዝጓዝ ለባለቤቱም ለተከራዩም እኩል ይዳረስ።