ኡርክ፣ ባሕር የተዘጋባት የዓሣ አጥማጆች ከተማ

ሆላንድ ከሄዳችሁ አምስተርዳምን ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ ኡርክ ድረስ ዝለቁ። ዛሬ በመኪና ይገባባታል እንጂ እስከ 1939 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ደሴት ነበረች። በ1916 ኡርክን የከበበው የዙይደርዜ ባሕር በማዕበል ዳርቻውን ካጥለቀለቀ በኋላ መንግሥት ባሕሩን ሊዘጋው ቆረጠ። በ1932 ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ግድብ ገጠመና ጨዋማው ባሕር ቀስ በቀስ ሐይቅ ሆነ። ሄሪንግ የተባለው ዓሣም ከዚያ ውኃ ጠፋ። ለዓሣ አጥማጅ ከዚህ የከፋ ምን አለ? የኡርክ ሰዎች ግን መረባቸውን አልጣሉም፤ ሰሜን ባሕር ድረስ እየሄዱ ያጠምዳሉ።

ወደቡን፣ ጠባብ መንገዶቹን፣ በጭስ የተዘጋጀ ዓሣ የሚሸጥባቸውን ሱቆች እዩ፤ ደስ ይላሉ። እኔን የያዘኝ ግን ከውኃው በላይ ያለው መታሰቢያ ነው። ነፋስ ቀሚሷን የሚያንገላታባት ሴት ሐውልት ፊቷን ወደ ውኃው መልሳ ቆማለች። ዙሪያዋን ባሕር የበላቸው ሰዎች ስም በድንጋይ ተቀርጿል፤ አንድ የቤተሰብ ስም እየተደጋገመ ይመጣል። አባት፣ ልጅ፣ ወንድም። ባሕሩ ሲዘጋ ከተማዋ ምን እንዳጣች ብዙ ተጽፏል፤ ባሕሩ ራሱ ስንቱን እንደወሰደ የሚናገረው ይህ ድንጋይ ነው።

ኡርክ ከደረሳችሁ፣ ዓሣ ከማዘዛችሁ በፊት ወደ መታሰቢያው ውጡና ስሞቹን አንብቡ።