ስለ ተሸነፈ ቡድን ወዳጆች

ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ስለ እግር ኳስ መጻፋችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ዳሩ ግን በዛሬ ዘመን የኳስ ጨዋታ በሜዳ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ወደ ቤት ይገባል፤ ከማዕድ ይቀርባል፤ ወንድምን ከወንድም ያኳርፋል። ስለዚህ የቤት ነገር ነው ብለን እንጽፋለን።

የምንኖርባት እንፍራንዝ በጎንደርና በባሕር ዳር መካከል፤ ከጣና በስተ ምሥራቅ፤ በመኪናው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ጎንደር ስለምትቀርብ ብዙው ሰው የፋሲል ከነማ ወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ወጣት «የጣና ሞገድ» የሚባለውን የባሕር ዳር ከተማን ቡድን ወድዶ ይመለሳል። በቤታችንም እንዲሁ ሆነ፤ ታላቁ ልጃችን የፋሲል፤ ታናሹ የባሕር ዳር ነው። የፋሲል ተጫዋቾች «ዐፄዎቹ» እየተባሉ ሲወደሱ የአገራችን ሽማግሎች ከከተማው በላይ በኮረብታው የቆመውን የጉዛራን ግንብ እያሳዩ፤ ጎንደር ሳትቆረቆር ዐፄ ሠርፀ ድንግል በዚህ ነበሩ ብለው ይከራከራሉ። ይህ ግን ከነገራችን ውጭ ነው።

የነገሩን ሥር ለማያውቁ በአጭሩ እንናገር። ፋሲል ከነማ በ2008 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ፤ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ ወሰደ፤ በ2012 ዓ.ም. ውድድሩ በኮሮና በሽታ ምክንያት ተሰረዘ፤ በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ይህ ዋንጫ ልዩ የሆነ ነገር አለበት። በዚያ ዓመት ጨዋታው ሁሉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ስለ ተደረገ፤ ቡድኑ ሻምፒዮን የሆነው በገዛ ሜዳው በፋሲለደስ አንድ የሊግ ጨዋታ ሳይጫወት ነው። ሱፐር ስፖርት የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ጨዋታውን ማሳየት የጀመረው በዚያው ዓመት ነበረና፤ ሳህን የተከለ ሻይ ቤት ሁሉ በሰው ተጨናነቀ። የቀረው ሰው በራዲዮን አዳመጠ።

እኛ እንደ ታዘብነው የደጋፊ ተስፋ ከልክ ያለፈው ከዚህ ወዲህ ነው። በሜዳ የተገኘ ሰው ተጫዋቹ ሲደክም፣ ሣሩ ሲያንሸራትት፣ የቀትር ፀሐይ ጕልበት ሲሰልብ በዓይኑ ያያል፤ ከሩቅ የሚጠብቅ ግን ቍጥሩን ብቻ ይሰማል፤ ቍጥርም ምሕረት አያውቅም። በ2014 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ሲወስድ ፋሲል ሁለተኛ ወጣ። ጥቂት ዓመት ቀድሞ ከታችኛው ሊግ ለመጣ ቡድን ሁለተኛነት በከበሮ የሚቀበሉት ማዕርግ ነበረ፤ በቤታችን ግን ለቅሶ ተቀመጡበት። በ2015 ዓ.ም. ጊዮርጊስ እንደ ገና ሲያሸንፍ ሁለተኛነቱ የባሕር ዳር ሆነ። ከዚያ ወዲያ በ2016 ንግድ ባንክ፣ በ2017 መድን ሻምፒዮን ሲሆኑ ፋሲል ከሩቅ ተመልካች ነበረ።

በቤታችን ጠብ የተነሣው በ2015 ዓ.ም. ነው። ታላቁ ልጃችን ባጃጅ ነጂ ሲሆን የፋሲልን አርማ በመስተዋቱ ላይ ለጥፎ ነበረ። አንድ ማታ ታናሹ፤ «አያ፤ ዐፄዎቹ ዙፋኑን ለሞገድ አስረከቡ አሉ!» ብሎ ቢቀልድበት፤ ቃል ሳይመልስ ወጥቶ አርማውን በቢላዋ ፍቆ ጣለው። «ከእንግዲህ የዚያን ቡድን ስም በፊቴ የሚያነሣ እንዳልሰማ» አለ። ስምንት ቀን ሙሉ ከወንድሙ ጋራ በአንድ ገበታ አልቀረበም።

በስምንተኛው ቀን እናታችን፤ የልጆቹ አያት ማለታችን ነው፤ አስጠርተው ተናገሩት። እርሳቸው የኳስን ሕግ አያውቁም፤ ተጫዋቾቹን ግን ለሥራ ወደ ሩቅ አገር እንደ ሄዱ የሠፈር ልጆች አድርገው ስለሚቈጥሩ «ልጆቹ» ይሏቸዋል፤ ማን እንደሚያበላቸውም ይጠይቃሉ። «ልጄ፤ በሰው አገር ከርመው ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ በር ልትዘጋባቸው ነውን?» አሉት። እርሱም፤ «እምዬ፤ በሩንስ አልዘጋም። ነገር ግን ባዶ እጃችሁን ለምን መጣችሁ ብዬ ብጠይቅ ነውር ነው?» ብሎ መለሰ።

ይህን መልስ ብዙ ጊዜ አሰብንበት። አንዳንድ ሰዎች ታማኝ ደጋፊ ማለት ሲሸነፉም ሲያሸንፉም እኩል የሚያጨበጭብ ነው ይላሉ። እኛ ግን እንዲህ ያለው ሰው ታማኝ ይሁን ግድ የለሽ ለመለየት ያስቸግረናል። ይኸው ልጃችን እንደ ብዙ የከተማችን ወጣት የእንግሊዙ የአርሰናል ወዳጅ ነው። አርሰናል በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2004 የሊግ ዋንጫ ከወሰደ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ያን ዋንጫ አላገኘም፤ ልጃችን ግን ሥዕሉን ከግድግዳ አላወረደም። ለለንደን ይህን ያህል የታገሠ ለጎንደር ሁለት ዓመት ስለ ምን አነሰው ብለን ብንጠይቀው፤ «አርሰናል ቢሸነፍ ሰኞ ጧት የሚጠይቀኝ የለም፤ ፋሲል ሲሸነፍ ግን የሚሳፈረው ሰው ሁሉ እኔ እንደ ተሸነፍሁ አድርጎ ይጠይቀኛል» አለን። ትዕግሥቱ የበዛው ለማይመለከተው ነው፤ የተቈጣው ለሚመለከተው ነው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን ጸጥታ ታወከ። የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ብዙ ወራት ተቋረጠ፤ መንገዱ በተዘጋ ቀን ባጃጁ ይቆማል። በዚያ ጊዜ ያየነውን እንናገር። ስሙን አታንሡ ያለው ልጅ ማታ ማታ ወደ ጓሮ እየወጣ አዲስ አበባ ላለ ጓደኛው ይደውላል፤ «ልጆቹ ደኅና ናቸው?» ብሎም ይጠይቃል። ስሙን አላነሣም፤ መሓላውም አልፈረሰ። ታናሹም ወሬ ሲያገኝ የባሕር ዳርን ትቶ አስቀድሞ የፋሲልን ውጤት ይነግረው ጀመረ። ማንም አልመከረው።

አሁን ደጋፊ ምን መጠበቅ ይገባዋል የሚለውን እናንሣ። ዋንጫ ለአንዱ ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ ዋንጫ መጠበቅ ልጅነት ነው። ነገር ግን «ከነማ» ማለት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ከሚለው ያጠረ ነው፤ የእንደዚህ ያለ ቡድን ገንዘብ የሚበዛው ከከተማ በጀት፤ ማለት ከነዋሪው ግብር ይወጣል። እንግዲህ ደጋፊው የተጫዋች ደመወዝ በጊዜው ተከፈለን? የአገሩ ልጆች ይሠለጥናሉን? ሒሳቡ ለሕዝብ ይነገራልን? ብሎ ቢጠይቅ የራሱን ነገር ጠየቀ እንጂ ድፍረት አላደረገም። ጎንደር ሌላ ቡድን ነበራት፤ እርሱም የዳሽን ቢራ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ፤ ከዚያም ፈረሰ። ፋብሪካ ያቋቋመው ነበረና፤ ያጨበጨበለት ሕዝብ ይኑር ወይም ይፍረስ ብሎ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት አልነበረውም። በዚያው ዓመት ያደገው ፋሲል ግን ቢወርድም ባይወርድም የሚጠይቀው ባለቤት አለው።

ስለ ጽናት ካነሣን ዘንድ የቅዱስ ጊዮርጊስን ነገር ማለፍ አይገባም። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደ ተመሠረተ ጣሊያን ከተማውን ያዘ፤ የቡድኑ ስም እንኳ ተለውጦ «ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር» ተባለ። በዚያ ዘመን ደጋፊዎቹ የሚጠብቁት ዋንጫ አልነበረም፤ ስማቸው እንዲመለስ ብቻ ነበረ፤ ተመለሰም። የዛሬ ወጣቶች ይህን ታሪክ ከግብ ቈጣሪው ዝርዝር ቀድመው ቢያውቁ እንወዳለን።

ታላቁ ልጃችን አርማውን እንደ ገና አልለጠፈም። ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋራ ሁኖ ግን ስለ ወጣት ተጫዋቾች ሥልጠናና ስለ ሒሳብ ዝርዝር ለቡድኑ የሚላክ የጥያቄ ደብዳቤ ጽፏል። ሦስት ገጽ ነው፤ እኛ ረዝሟል ብለናል። የእጅ ጽሕፈቱ የሚነበብ ስላልሆነ በንጹሕ ወረቀት የሚገለብጥለት የባሕር ዳሩ ወንድሙ ነው። እናታችንም ጣታቸውን አትመውበት እንደሆነ ይረዳ እንደሆነ ጠይቀዋል።