ፒካፑን ከመግዛትሽ በፊት

ሳሪስ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

መራዊ ሄደሽ ለቆጋ መስኖ ገበሬዎች የውሃ ፓምፕ ልትሸጪና ልትጠግኚ መነሳትሽ አኩርቶኛል። «ሃይሉክስ ልግዛ ወይስ ዲማክስ?» ያልሽኝን ግን በስልክ ለመመለስ ስላልፈለግሁ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ለጥንካሬ ብቻ ከሆነ ላንድክሩዘር ፒካፕን የሚያህል የለም። ዋን ኤችዜድ የሚባለው ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ፖምፓው ያለ ኮምፒውተር ስለሚሠራ የገጠር መካኒክም ይደፍረዋል። ነገር ግን ተርቦ የለውም፤ እንደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ሲወጣ አየሩ ይሳሳና ጉልበቱ ይቀንሳል። ዋጋውም ለጀማሪ አይቀመስም። እሱን ተይው።

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ቪጎ የሚሉት ሃይሉክስና ባለ 3 ሊትሩ ዲማክስ ሁለቱም ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫሉ፤ እንዲህ ያለ ኖዝል ውሃና ቆሻሻ ከገባበት አይምርም። ናፍጣ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር ጀሪካን አትቅጂ፤ ቆመሽ ብታድሪ ይሻላል። ፊልትሮውንም ቶሎ ቶሎ ቀይሪ፣ ከሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ አፍስሺ።

የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፦ የዲማክሱ ታይሚንግ በሰንሰለት ይዞራል፣ የቪጎው በቺንጋ። ቺንጋ በጊዜው ካልተቀየረ ይበጠሳል፤ ያኔ ቫልቭና ፒስተን ይጋጩና ሞተሩ ይፈታል። ያገለገለ መኪና ላይ መቼ እንደተቀየረ ሻጩ የሚነግርሽን አትመኚ፤ ኪሎሜትር ቆጣሪም ወደ ኋላ ይመለሳል። በገዛሽ ዕለት ቺንጋውን አስቀይሪው።

ይህም ሆኖ እኔ ሃይሉክሱን እመርጥልሻለሁ፤ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ አዲሱም አሮጌውም አለ፣ ባሕር ዳርም ሞተሩን የሚያውቅ እጅ አታጪም። ለስሙ ብለሽ ግን የደከመ ሃይሉክስ አትግዢ። ንጹሕ ዲማክስ ካገኘሽ እሱን ውሰጂ፣ ቅር አይለኝም። ስም ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ አውስትራሊያ ታይቷል፦ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ከዚያ ቀደም የተሸጡ አንዳንድ የናፍጣ ቶዮታዎች፣ ሃይሉክስ ጭምር፣ የጭስ ማጣሪያቸው ጉድለት እንዳለበት ወስኗል።

ስትመርጪ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሂጂ። ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶ ካሞቀው ተመለሽ፣ ሌላ ቀን ሂጂ። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ከቀጠለ ዘይት እየበላ ነው። የዘይት ክዳኑን ከፍተሽ እጅሽን አስጠጊ፤ በኃይል ከተነፈሰብሽ ፒስተኑ ደክሟል። ከሥር ገብተሽ ቻሲሱ የተበየደ እንደሆነ እዪ፣ የባሌስትራውን ቅጠሎችም ቁጠሪ፤ የተጨመረበት ከሆነ ከአቅሙ በላይ ሲጭን ኖሯል። የሞተርና የቻሲስ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሪ።

አንድ ነገር አደራ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ስትወርጂ ገና ከላይ ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩ ይያዝልሽ። ፍሬን ላይ እግርሽን አሳርፈሽ ከወረድሽ ይግልና ድልድዩ ጋ ሳትደርሺ ይከዳሻል። ወደ ደጀን ስትወጪ ዓይንሽን ከሙቀት መለኪያው አትንቀዪ፤ ከፍ ካለ ዳር ይዘሽ ቁሚ፣ በትኩሱ ግን የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቺ። ከአንድ ቶን በላይም አትጫኚ፣ ገበሬው ቢቸኩልም ሁለት ጊዜ ተመላለሺ።

ቀብድ ሳትከፍዪ ደውዪልኝ። እኔም መጥቼ ልየው።

አባትሽ